ቦቴ የተገለበጠ ዕለት ማን ይደርሳል?

ከጅቡቲ የተነሳ የነዳጅ ቦቴ ነቀምቴ ለመድረስ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አፋርን አቋርጦ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ በአምቦና በባኮ በኩል ወለጋ ይገባል፤ ገሚሱም ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን እያለፈ እስከ አሶሳ ይዘልቃል። ባለተሳቢው ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ይጭናል። መንገዱ ጠመዝማዛ፣ ክረምቱም ረጅም ነው፤ ነቀምቴ ላይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ታዲያ ቦቴው ቢገለበጥ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው?

የአካባቢው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ጄሪካን ይዞ። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ኬንያ ውስጥ ሳቻንግዋን በተባለ ቦታ ከ100 በላይ፣ በነሐሴ 2019 ታንዛኒያ ሞሮጎሮ ላይ 100 ያህል ሰዎች አልቀዋል። አብዛኞቹ ከተገለበጠ ቦቴ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰብስበው ሳሉ እሳት የበላቸው ናቸው። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር በሚቸበቸብበት አገር፣ መሬት ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ሆኖ ቢታይ አይፈረድም። ይህን ሰው በምክር ብቻ ማራቅ አይቻልም። ፖሊስና ገመድ ሊቀድሙት ይገባል።

ሕጉስ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ማንኛውም ሰው ጉዳት ደርሶብኛል ማለት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለው። አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅም በ2010 ወጥቷል። ማን ይክፈል ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ ማለት ነው። ፍሳሹን የሚያግድ አሸዋ የጫነው መኪና ከየት ይነሳ የሚለው ግን የከተማ ሥራ ነው፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ያለው ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነውና።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሞተር ይጠፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ሲጋራና ስልክ የያዘ ሁሉ ይርቃል። ቫልቩ የሚዘጋ ከሆነ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ ይዘጋዋል። ከዚያ አካፋ የያዙ ሰዎች ከቁልቁለቱ በኩል የአፈር ግድብ ይሠራሉ፤ የጎርፍ ቦዩን አፍ ይደፍናሉ። የፈሰሰው ናፍጣ ከሆነ የእንጨት ሰጋቱራ፣ በጊምቢ የቡና መፈልፈያዎች ተከምሮ የሚታየው ገለፈትም ሊመጠው ይችላል። ቤንዚን ላይ ግን ተቀጣጣይ ነገር አይደፋም፤ አሸዋ ይሻላል። አስፋልቱን በውኃ ማጠብ ትልቁ ስህተት ነው፤ ነዳጁን ወደ ወንዝ መሸኘት ነው። ከነቀምቴ ጉብታ የሚወርደው ውኃ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ዴዴሳ፣ ከዚያም ዓባይ ነው።

አሜሪካኖች የነዳጅ መፍሰስ አደጋ ዕቅዳቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1968፣ ቶሪ ካንየን የተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ እንግሊዝ አጠገብ በተሰበረ በዓመቱ ነው። ኤክሰን ቫልዴዝ ከተባለው ነዳጅ ጫኝ መርከብ አደጋ በኋላ የወጣው የ1990ው ሕግ ደግሞ አንድ ፈንድ ሥራ ላይ አዋለ። ጽዳቱ በፈንዱ ገንዘብ ይጀመራል፤ ሒሳቡ ከበካዩ ይጠየቃል። ባኮ፣ ነቀምቴና ጊምቢ የዚያን ያህል ሀብት አያስፈልጋቸውም። አንድ ሁሉም የሚያውቀው ስልክ ቁጥር፣ በየማደያው የተቀመጠ አሸዋና አካፋ፣ በዓመት አንድ ልምምድ ይበቃቸዋል። ወጪው ከአንድ ቦቴ ነዳጅ ዋጋ አይበልጥም።

ዜና የማይሆነው መፍሰስ ደግሞ በየጋራዡ አለ። የተቃጠለ ዘይት ወይ ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ወይ ምስጥ እንዳይበላው አጥርና ምሰሶ ይቀባል። ምስጥ በምዕራብ ወለጋ ቤት የሚያፈርስ፣ እርሻ የሚያራቁት ጠላት ስለሆነ ገበሬው አይወቀስም። መንግሥት ራሱ በደርግ ዘመን በማና ሲቡና በጃርሶ ወረዳዎች ኩይሳ ላይ አልድሪን የተባለ መርዝ አስረጭቷል። አልድሪን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም ስምምነት ከታገዱት የመጀመሪያዎቹ 12 ኬሚካሎች አንዱ ሆነ። ኢትዮጵያም በየመጋዘኑ የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ስትለቅም፣ በመጀመሪያው ዙር 1,500 ቶን ገደማ ፊንላንድ ተልኮ እንዲቃጠል አድርጋለች። መንግሥት ሲቆርጥ ማጽዳት እንደሚችል ይህ ሥራ ይመሰክራል።

አሁን ሌላ ጭነት እየመጣ ነው። በምዕራብ ወለጋ ቱሉ ካፒ ላይ የታቀደው የወርቅ ማዕድን ወርቁን ከድንጋዩ የሚለየው በሳይናይድ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ኪርጊስታን ውስጥ ወደ ኩምቶር የወርቅ ማዕድን ሲሄድ የነበረ መኪና ከድልድይ ወድቆ ከ1.7 ቶን በላይ ሶዲየም ሳይናይድ ባርስኩን ወንዝ ውስጥ ገባ። በወንዙ ዳር ላለው መንደር ሰው የተነገረው ከሰዓታት በኋላ ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም ሕክምና ፍለጋ ወጡ። የሳይናይድ መኪኖች የጊምቢን መንገድ ከመጀመራቸው በፊት መንገዱ ዳር ያለ እያንዳንዱ ቀበሌ የአደጋ ጊዜ ዕቅዱን በአፋን ኦሮሞ ሊያገኘው፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችም የመርዙን ማርከሻ ከወዲሁ በእጃቸው ሊይዙት ይገባል።