በዓባይ ገደል ስለ ተገኘው የዛጎል ድንጋይ

የእኅቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ፥ ከደጀን በታች ካለው የዓባይ ቁልቁለት አንድ ድንጋይ አንሥቶ አመጣልን። በማዕድ ላይ ቢያኖረው የዛጎል መልክ ታየበት። አማቴም ወዲያው፥ «ይህማ በኖኅ ዘመን የጥፋት ውሃ ትቶት የሄደው ነው» አሉ። ልጁ ግን ዝም ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ልጅ የጠየቀውን ባልተመረመረ ቃል ማሰናበት ከሐሰት ምስክርነት እንዳይቈጠርብኝ ፈርቼ፥ እንደ ችሎት ልማዴ ቀጠሮ ሰጠሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ምስክሩ ገደሉ ራሱ ነው። ድንጋዩ እንደ መዝገብ ቅጠል ተነባብሮአል፤ የታችኛው ቅጠል የቀድሞው ነው። ከሥር ወንዝ ያመጣው የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያ በላይ ጀሶና የጭቃ ድንጋይ እየተፈራረቁ ተደርበዋል፤ በእነርሱም ላይ ዛጎሉ ያለበት፥ ውፍረቱ ወደ 400 ሜትር የሚሆን የኖራ ድንጋይ ቆሞአል። ከኖራው በላይ እንደ ገና ጭቃና አሸዋ ይመጣል።

ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የገለጠልኝ ጀሶው ነው። የባሕር ውሃ ጀሶ የሚጥለው በፀሐይ ተንኖ ሩብ ያህል ሲቀር ነውና፥ በጥልቅ ጎርፍ ሥር ጀሶ አይረጋም። አንድ ጊዜ ብቻ ተገኝቶ ቢሆን ባጠራጠረ ነበር፤ ነገር ግን በጭቃ እየተለየ መደጋገሙ፥ ባሕሩ ሲገባና ሲደርቅ ብዙ ዘመን እንደ ኖረ ያስረዳል። በኋላ፥ ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ውሃው ከፍ ብሎ ጸና፤ ዛጎሎቹም በዚያ ኖረው ሞቱ። የላይኛው አሸዋ ደግሞ የባሕሩን መሸሽ ይመሰክራል።

ባሕሩ ከፍ አለ ወይስ ምድሪቱ ዝቅ አለች? ይህ በአንድ ምስክር አይፈረድም። ስለዚህ ሊቃውንት የዓባይን ድንጋይ ከሌላ አገር ድንጋይ ጋራ ያመሳክራሉ። እንግሊዛዊው ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘመቻ ጋራ መጥቶ በትግራይ ያየው የኖራ ድንጋይ ዛሬም በሕንጣሎ ስም ይጠራል፤ የዓባዩም ከዚሁ ይቈጠራል።

እኛ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያለን ግን ይህን መዝገብ በደጃችን አናገኘውም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈላ ድንጋይ ወጥቶ አገሩን ስለ ሸፈነው፥ በማረሻ ፊት የሚወጣው ጥቁር ድንጋይና ቀይ አፈር ነው። መዝገቡን ቈርሶ የከፈተው ዓባይ ነው።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ይህን ሁሉ ለአማቴ ነገርኋቸው። «እንግዲያ ከኖኅ በፊትም ውሃ ነበረ በሉኛ» አሉና፥ ድንጋዩን አንሥተው በመስኮቱ ላይ አኖሩት።