ከመሥመር የሚቋረጥ ኮምፒዩተርና ያለ ምርመራ የተሰጠ ፍርድ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ንጽሕናና ስለ ቤት አያያዝ ይጠቅማል ያልነውን ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ሰው ቤት ገብቶ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ቤተ ሰብ ስለሚቈጠረው ስለ ኮምፒዩተር፣ ይልቁንም ያለ ሽቦ የሚመጣለት መሥመር እየተቈራረጠ ሲያስቸግር እንደምን መመርመር እንደሚገባ ልንናገር አሰብን። ለዚህም ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰው ነገር ነው። ነገሩ እኛን የሚያስመሰግን ባይሆንም፣ ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅበት ሳንሸሽግ እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያ ልጃችን በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን አጠገብ ትኖራለች። በየእሑዱ ማታ ከአያቷ፣ ማለት ከእናታችን ጋራ፣ በኮምፒዩተር ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ። እናታችን ዓይናቸው ስለ ደከመ የእጅ ስልክ አይበቃቸውም፤ የልጅቱን ፊት ለይተው የሚያዩት በጠረጴዛው ኮምፒዩተር በትልቁ መስኮት ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ ማታ በቤታችን የተከበረ ሰዓት ነው። እርሳቸውም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከሁሉ ቀድመው ከወንበሩ ይቀመጣሉ።

ከጥቂት ወራት በፊት ግን ነገሩ ተበላሸ። ሰላምታው ተፈጽሞ ጨዋታ ሲጀመር ድምፁ ይቈራረጣል፤ ቀጥሎም ልጅቱ አፏን እንደ ከፈተች ሥዕሉ ደርቆ ይቀራል። በሦስተኛው እሑድ እናታችን ከወንበሩ ተነሥተው፣ «የልጄን ፊት እንደ ሙት ፎቶግራፍ ደርቆ ማየት አልወድም፤ ታማ እንደ ሆነ አትሸሽጉኝ» ብለው ወደ መኝታቸው ሄዱ። በአራተኛውም እሑድ ቢጠሩ አልመጣም አሉ።

እኛም የእናታችንን ኀዘን ባየን ጊዜ ተቈጥተን ጥፋተኛ ፈለግን፤ ጥፋተኛ ለማግኘትም ሩቅ አልሄድንም። ዐሥራ አራት ዓመት የሆነው ወንድ ልጃችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ በኮምፒዩተሩ መጫወት ይወዳልና፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ በማዕድ ተሰብስቦ ሳለ «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብለን ገሠጽነው፤ ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳይቀርብም ከለከልነው። እርሱም «አባባ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ ይመኑኝ» ከማለት በቀር አልተከራከረም። እንዲያበጅልን የጠራነውም ባለሙያ ብዙ ሳይመለከት «ኮምፒዩተሩ አርጅቷልና አዲስ ይግዙ» ብሎ ሄደ። እኛም ምክሩን ተቀብለን ገንዘቡን ልናወጣ ቈርጠን ነበር።

ልጁ ግን ከኮምፒዩተሩ ቢከለከልም ከእርሳስና ከደብተር አልተከለከለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሥመሩ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያም ሰዓት በቤቱ ውስጥ ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ እናቱን እየጠየቀ ጻፈ። ባለቤታችን በየማታው ሥራዋን በዚያው ኮምፒዩተር ስትሠራ አንድ ጊዜም አልተቋረጠባትም። የተቋረጠው በሁለቱ እሑድና በአንድ ረቡዕ ማታ ብቻ ነው። በሦስቱም ቀን አጠገብ «ዲስኩ ተሰክቶ ነበር» የሚል ቃል ተጽፏል። ልጁ ደብተሩን ለእኛ መስጠት ፈርቶ ለአያቱ ሰጠ፤ እርሳቸውም «ይህን አንብብና ከዚያ በኋላ ተቈጣ» ብለው ሰጡን።

ዲስኩ የተባለው የአባቶቻችንና የልጆቻችን ፎቶግራፍ የተከማቸበት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ነው። የገዛነውም ችግሩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። እሑድ ማታ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ለእናታችን ፎቶግራፍ ለማሳየት እንሰካዋለን፤ ከዚያም ሳንነቅለው እንተወዋለን። በዚያ ረቡዕም አዲስ ፎቶግራፍ ልንገለብጥበት ሰክተነው ነበር። እንግዲህ ሰኪው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ራሳችን ነን።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት የሽቦ አልባውን መሥመር ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ዋይ ፋይ የሚባለው የራዲዮ ሞገድ ነው፤ የመጀመሪያው ደንቡም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ዓ. ም. ወጣ። በቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራባቸው ሞገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ ሁለተኛው በ5 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው። አንደኛው ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ግድግዳም ከሁለተኛው ይልቅ ይሻገራል። ነገር ግን ብሉቱዝም የማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው አካባቢ ስለሚሠሩ መንገዱ የተጨናነቀ ነው። ሁለተኛው ሰፊና ፈጣን መንገድ ነው፤ ዳሩ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል።

የእኛ ኮምፒዩተር ይህን ሞገድ የሚቀበለው በስተኋላው በዩኤስቢ ቀዳዳ በተሰካች፣ አውራ ጣት በምታህል መቀበያ ነው። ዲስኩን የምንሰካው ደግሞ ከርሷ ቀጥሎ ባለው፣ ውስጡ ሰማያዊ በሆነው ቀዳዳ ነበር። ይህ ዓይነቱ መሰኪያ ዩኤስቢ 3.0 ይባላል፤ ደንቡ በ2008 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ሲሆን በሰከንድ እስከ 5 ጊጋ ቢት ያመላልሳል። በዚህ ፍጥነት ሲሠራ ከመሰኪያውና ከገመዱ የሚያፈተልከው የራዲዮ ሁካታ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያርፋል። ይህንንም ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ2012 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። በጆሮው አጠገብ ከበሮ የሚመታበት ሰው ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚጠራውን ሰው ድምፅ መስማት ይቸግረዋል። ጠሪው ድምፁ አልደከመም፤ የተጠራውም ጆሮው አልደነቈረም፤ ነገር ግን ከበሮው እጅግ ቀርቧል። የእኛም መቀበያ የደረሰባት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ በግምት እንዳይቀር ከልጃችን ጋራ ሆነን ፈተንነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ይህም ወደ ራውተሩ አጫጭር ጥያቄ እየላከ ስንቱ መልስ እንዳገኘ ይቈጥራል። ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ መቶ ጥያቄ ብንልክ መቶውም ተመለሰ። ዲስኩን ሰክተን ፎቶግራፍ እየገለበጥን ብንልክ ሠላሳ ያህሉ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ዕድል እንዳይሆን ብለን ሦስት ጊዜ ነቅለን ሦስት ጊዜ ሰካን፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ሆነ። ከዚህ በኋላ አንድ ሜትር የሚሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ገዝተን መቀበያዪቱን ከብረቱ ሣጥን ጀርባ አውጥተን በጠረጴዛው ላይ ከፍ አድርገን አኖርናት፤ ዲስኩንም ወደ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ አዛወርነው። ዲስኩ ተሰክቶ ሳለ እንደ ገና ብንፈትን መቶው ጥያቄ በሙሉ ተመለሰ። አዲስ ኮምፒዩተር ሊያስገዛን የነበረው ችግር በአንዲት ገመድ ተፈጸመ።

በእያንዳንዱ ቤት ምክንያቱ እንደዚህ ነው ማለታችን ግን አይደለም። ስለዚህ አንባቢዎቻችን የየራሳቸውን ምክንያት የሚያገኙበትን ሥርዓት በተራ እናመለክታለን።

አንደኛ፤ ጥፋቱ ወደ ቤት በሚገባው መሥመር እንደ ሆነ፣ ወይም ከራውተሩ እስከ ኮምፒዩተሩ ባለው መንገድ እንደ ሆነ መለየት ይገባል። ኮምፒዩተሩ ሲቋረጥ የእጅ ስልክን የሲም ካርድ ዳታ ዘግቶ፣ በራውተሩ አጠገብ ቆሞ፣ በዋይ ፋዩ ብቻ መሞከር ነው። ስልኩም እምቢ ያለ እንደ ሆነ ጥፋቱ በራውተሩ ወይም ከውጭ በሚመጣው መሥመር ነውና መሥመሩን ለሚሰጠው ድርጅት ማመልከት ይሻላል። ስልኩ የሚሠራ እንደ ሆነ ግን ወደ ኮምፒዩተሩ ቦታ ወስዶ ደግሞ መሞከር ነው። በዚያም ስልኩ የደከመ እንደ ሆነ ነገሩ የቦታ ነው፤ ስልኩ ደኅና ሠርቶ ኮምፒዩተሩ ብቻ የተቸገረ እንደ ሆነ የኮምፒዩተሩ ነው።

ሁለተኛ፤ የሚቻል ከሆነ ኮምፒዩተሩን ለአንድ ቀን በገመድ ከራውተሩ ጋራ ማያያዝ መልካም ነው። እንዲህ ያለው ገመድ በደንቡ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል። በገመድ ያልተቋረጠ እንደ ሆነ ጥፋቱ በመቀበያው ወይም በአየር ላይ ባለው መንገድ መሆኑ ይታወቃል። ኮምፒዩተሩ ከቦታው የማይነሣ ከሆነም ገመዱን በዚያው መተው ከሁሉ የሚበልጥ መድኀኒት ነው።

ሦስተኛ፤ ቦታውን መመልከት ነው። ራውተር ከብረት ቁም ሣጥን ኋላ፣ ከማቀዝቀዣ አጠገብ ወይም ከትልቅ መስተዋት ጀርባ ሲቀመጥ ሞገዱ ይታገዳል፤ ከፍ ባለና ግልጥ በሆነ ስፍራ ይቀመጥ። ኮምፒዩተሩም የብረት ሣጥን ስለ ሆነ ከጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጀርባውን ለግድግዳ ሲሰጥ መቀበያውን ራሱ ይጋርደዋል። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነውና፣ መቀበያውን አንድ ወይም ሁለት ስንዝር ማንቀሳቀስ እንኳ ብዙ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

አራተኛ፤ ጎረቤትን ማሰብ ነው። በኮንዶሚኒየምና ቤት በተጠጋበት ሰፈር የብዙ ሰው ራውተር በአንድ ሞገድ ላይ ይጋፋል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ መሥመሮች መካከል 1ኛው፣ 6ኛውና 11ኛው እርስ በርሳቸው አይደራረቡም፤ ከሦስቱ ብዙ ሰው ያልያዘውን መምረጥ ነው። ክፍሉ ለራውተሩ ቅርብ ከሆነ ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ መዛወር ይበልጣል።

አምስተኛ፤ ሰዓቱን ከቤቱ ሥራ ጋራ ማስተያየት ነው። የማይክሮዌቭ ምድጃ ሲሠራ ብቻ የሚቋረጥ እንደ ሆነ ምክንያቱ የታወቀ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ መብራቱ በሚደበዝዝበት ቤትም ራውተሩ በኀይል ማነስ ጠፍቶ እንደ ገና ሊነሣ ይችላልና፣ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት መጻፍ አይርሱ።

ስድስተኛ፤ ይህ ሁሉ ታይቶ ምክንያቱ ካልተገኘ ወደ ኮምፒዩተሩ አቀማመጥ መግባት ነው። ኀይል ለመቈጠብ ሲል መቀበያውን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሊኖር ይችላልና እርሱን መዝጋት፣ ድራይቨር የሚባለውንም የመቀበያውን ማዘዣ ከሠራው ኩባንያ አዲሱን አምጥቶ መጫን ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን የማይታለፍ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን መጻፍ ነው። ባንድ ቀን ራውተሩን አዛውሮ፣ ሞገዱን ለውጦ፣ ድራይቨሩንም አድሶ መሥመሩ ቢስተካከል ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ችግሩ ሲመለስም ሰው እንደ ገና ከመነሻው ይጀምራል። ያገራችን ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ለችሎት ብቻ አይደለም፤ ለቤትም ዕቃ ይሠራል።

በእኛ ቤት ግን መሥመሩ ከተስተካከለ በኋላ የቀረ ሥራ ነበረ። ልጃችንን የገሠጽነው በማዕድ ላይ ሁሉ እየሰማ ነው፤ ፍርዱን በአደባባይ ሰጥተን ይቅርታውን በጓዳ ማድረግ አልወደድንም። ስለዚህ በዚያው ማዕድ፣ በዚያው ቤተ ሰብ ፊት፣ «ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ሳንመረምር ፈርደንብሃልና ይቅር በለን» አልነው። ልጁ ዐንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እናታችን ግን «ዳኛው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ተገኘ» ብለው ሣቁ።

በተከታዩ እሑድ ኮምፒዩተሩን ያሰናዳው ልጁ ነው። እናታችን መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ በኋላም የልጅ ልጃቸው ለምኗቸው መጥተው ተቀመጡ። ልጅቱ ታየች፤ ተናገረች፤ ሣቀችም፤ ሥዕሉም አልደረቀም። እናታችን ወደ መስኮቱ ቀርበው ብዙ ጊዜ ከተመለከቷት በኋላ «ለካ ደኅና ነሽ» አሉ። ያን ጊዜ እኛ ስለ መሥመር ብቻ ስንቈጣ በነበርንባቸው ሳምንታት እርሳቸው ምን ተሸክመው እንደ ሰነበቱ ተረዳን።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎቻችን፣ በቤታችሁ ኮምፒዩተሩ ከመሥመር ሲቋረጥ ከቍጣ በፊት ደብተርና እርሳስ እንድታነሡ፣ ልጅ ሲናገርም እንድትሰሙት እያሳሰብን የዛሬውን በዚህ እንፈጽማለን።