መብራቱ በየት በኩል መጣ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ክረምት ሲገባ ነፋሱ የዛፍ ቅርንጫፍ በሽቦ ላይ ይጥላል፤ ወይም ጭነት የበዛበት ትራንስፎርመር ይቃጠላል፤ ሰፈሩም ይጨልማል። ጥቂት ቆይቶ ከአንዱ ግቢ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል፤ ልጆችም «መብራት መጣ!» ይላሉ። እኛም በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። መብራቱ የመጣው በየት በኩል ነው? የመጣበትስ መንገድ ወደ ማን ያደርሳል?

«ይህን ያህል ግድብ ተሠርቶ ሳለ ስለ ጄኔሬተር ማውራት ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግድብ ውኃ በማነሱ ኃይል በፈረቃ ይታደል ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይሁን እንጂ የኃይል መመንጨትና ቤት መድረስ ለየቅል ናቸው። በግድቡና በቤታችን መካከል ስፍር ቁጥር የሌለው ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ሰፈሩ ይጨልማል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ጄኔሬተር የሚገዛው ሰውም ምክንያት አለው። ጥያቄያችን ስለ መግዛቱ ሳይሆን ስለ አገናኘቱ ነው።

ብዙዎች የሚመርጡት አቋራጭ በሁለቱም ጫፍ ስፒና የተገጠመለት ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ጄኔሬተሩ ላይ፣ ሌላው ጫፍ ኩሽና ውስጥ ካለው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ቤቱም በሙሉ ያበራል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ገዳይ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ መመለሻ እንደሌለው መንገድ አይደለም። ከሶኬቱ የገባው ኃይል በማከፋፈያው ሳጥንና በቆጣሪው በኩል አልፎ ወደ ምሰሶው ይወጣል፤ ከዚያም ትራንስፎርመሩ ይደርሳል።

በትምህርት ቤት እንደተማርነው በትራንስፎርመር ውስጥ የሁለቱ ወገኖች ቮልቴጅ የሚወሰነው በጥቅል ሽቦዎቹ ዙር ብዛት ነው። ቀመሩ «ፊት» እና «ኋላ» የሚባል ነገር አያውቅም። በሰፈራችን ያለው ትራንስፎርመር 15,000 ቮልትን ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ ከሆነ፣ ከታች በኩል ሲነዳ በዚያው መጠን ያንኑ ወደ ላይ ያወጣል። በመሆኑም ከግቢያችን የወጣው 220 ቮልት በሌላው ወገን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የጎረቤቶች ጭነት ከትንሹ ጄኔሬተር ዐቅም በላይ ስለሚሆን ሞተሩ ታፍኖ እንደሚጠፋ አይካድም። ሽቦው በአቅራቢያችን ከተቆረጠ ወይም ጠጋኙ መስመሩን ከለያየው ግን ያ ጭነት የለም። ሰው ምሰሶ ላይ የሚወጣውም በዚያን ጊዜ ነው። ለሞትም ከፍተኛ ቮልቴጅ አያስፈልግም፤ 220 ቮልቱ ይበቃል። በሰውነት ውስጥ የሚያልፍ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ የሆነ ከረንት ለሕይወት አስጊ ነው፤ አንዲት ባለ 60 ዋት አምፑል እንኳ የምትስበው 270 ሚሊአምፔር ገደማ ነው።

ሁለት መከራከሪያዎች ይቀርቡልናል። የመጀመሪያው «እኛ አስቀድመን ዋናውን ባልቦላ እናጠፋለን» የሚል ነው። መልካም፤ ነገር ግን በጨለማ፣ በጥድፊያ፣ አባወራው በሌለበት ሌሊት ማን ያጠፋዋል? አንድ መቶ ጊዜ አስታውሶ አንድ ጊዜ መርሳት ለጠጋኙ በቂ ሞት ነው። ሁለተኛው «ሠራተኛው ራሱ መስመሩን መፈተሽና ከመሬት ጋር ማገናኘት አለበት» የሚል ነው። አለበት። ግን የእርሱ ጥንቃቄ የእኛን ግዴታ አይሽርም፤ የሰው ሕይወት በአንድ መከላከያ ብቻ አይጠበቅም።

ስለዚህ አቋማችን ደኅንነት በማስታወስ ላይ ሳይሆን በአሠራር ላይ ይቁም የሚል ነው። መፍትሔውም በቆጣሪውና በማከፋፈያው ሳጥን መካከል የሚገጠም «ቼንጅኦቨር» የተባለው ለዋጭ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። እጀታው በአንድ ወገን የመንግሥቱን መስመር፣ በሌላው ወገን ጄኔሬተሩን ያገናኛል፤ በመካከሉ ባዶ ቦታ አለ። አንዱን ሳይለቅ ሌላውን መያዝ አይችልም፤ ሰው ቢረሳም ብረቱ አይረሳም። የፌዝንም የኒውትራልንም ሽቦ የሚለይ ባለ ሁለት ዋልታ መሆን ይገባዋል። ይህ ለባለቤቱም ይጠቅማል። ለዋጩ በሌለበት ቤት ድንገት የመንግሥቱ መብራት ቢመለስ፣ ሁለቱ ሞገዶች ፍጹም ተቃራኒ በሆኑበት ቅጽበት የሚገናኙ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 440 ቮልት ይደርሳል፤ ጄኔሬተሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል።

ሳጥኑ ሲሻሻል ዐቅምም ይታሰብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ የማቀዝቀዣ ሞተርም ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል። በሌላ በኩል ከባሕር ወለል በላይ በየ100 ሜትሩ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። ከ2,200 ሜትር በላይ በሚገኙት በእነዚህ ከተሞች በጄኔሬተሩ ላይ ከተጻፈው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ቀንሶ ማስላት ብልህነት ነው። ስለዚህ መብራቱን፣ ማቀዝቀዣውንና የስልክ መሙያውን ለብቻ በትንሽ ሳጥን ለይቶ፣ ምጣዱን ከጄኔሬተሩ መስመር ማስወጣት ይሻላል። ጄኔሬተሩም ጭሱ ወደ ቤት በማይገባበት ስፍራ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ ይቀመጥ።

ሻጮች ለዋጩን ሳያስታውሱ ጄኔሬተር ባይሸጡ፣ አዲስ ቆጣሪ የሚያስገባው አካልም ስለ ጄኔሬተር ቢጠይቅ እንወዳለን። እስከዚያው ግን ሥራው የእኛ የተማሪዎቹ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ የዕረፍት ቀን የቤትህን የኤሌክትሪክ ሳጥን ተመልከት፤ ያንን ባለ ሁለት ስፒና ገመድ ካገኘኸው ከሶኬቱም ከጄኔሬተሩም ነቅለህ አንዱን ጫፍ ቁረጥ። ሳጥኑን ራስህ አትንካ፤ የብቃት ማረጋገጫ ያለው ባለሙያ ይጠራ። ለቤተሰብህም ምክንያቱን አስረዳ። በዝናብ ውስጥ ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው የሚጠግነው የእኛኑ መብራት ነውና።