አንበሳውን የሚያውቁት አጠገባችን ተቀምጠዋል

ከዓምዱ ጸሐፊ፣ አሽቀሎን

የአገልግሎት ክለቦች ስብሰባ መልኩ የታወቀ ነው። ሮታሪም ይሁን ላየንስ፣ አባላቱ በተወሰነ ቀን ይገናኛሉ፣ ምግብ ይቀርባል፣ የክለቡ ጉዳይ በአጭሩ ይነገራል፤ ከዚያም የተጋበዘ እንግዳ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ንግግር ያደርጋል። ሐኪም፣ የባንክ ሰው፣ የታሪክ መምህር ይጋበዛል። ከሁሉም ይልቅ አዳራሹን ደስ የሚያሰኘው ግን ከእንስሳት ማቆያ የመጣ እንግዳ ነው። የአንበሳ ግልገል በጡጦ ሲጠባ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣል፤ ዝሆን በቀን የሚበላውን ይናገራል፤ ስለታመመ ዝንጀሮ ይተርካል። አባላቱ ይጠይቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። እንግዳው የምስጋና ወረቀቱን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል።

እንዲህ ያለውን ምሽት አልነቅፍም። እንስሳትን የሚወድ ሰው በበዛ ቁጥር ለእንስሳቱ ይበጃል። ግን አሽቀሎንን በመሰለ ከተማ፣ ስለ አፍሪካ አንበሳና ዝንጀሮ ሲወራ ተናጋሪው ሁልጊዜ በእንስሳት ማቆያ ውስጥ ብቻ ያወቃቸው ሰው መሆኑ ትክክል አይመስለኝም። በዚህ ከተማ፣ ምናልባትም ስብሰባው ከሚደረግበት አዳራሽ ሁለት መንገድ ርቆ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ አንበሳ ሌሊት ሲያገሳ እየሰማ ያደገ አዛውንት ተቀምጧል። ማንም ጠይቆት አያውቅም።

አሽቀሎን ከአንበሳና ከሌሎች እንስሳት ጋር ያላት ታሪክ ጥንታዊ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 ላይ ሶምሶን ወደ ተምና ሲወርድ አንበሳ በእጁ ይገድላል፤ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ወደ አስቀሎና፣ ማለትም ወደ አሽቀሎን፣ ወርዶ ሠላሳ ሰው ይመታል። የሶምሶንን ስም የያዘ ሰፈር ዛሬም በከተማችን አለ። በጥንታዊቱ ከተማ ቁፋሮ ሲደረግ ደግሞ ከፋርሶች ዘመን የተረፈ፣ ከ1000 በላይ ውሾች አንድ በአንድ በጎናቸው ተኝተው የተቀበሩበት ቦታ ተገኝቷል፤ ብዙዎቹ ቡችሎች ናቸው። እንዲህ በጥንቃቄ የተቀበሩበት ምክንያት እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። አንበሳው ግን ከዚህ ምድር ጠፋ። ከመስቀል ጦረኞች ዘመን ወዲህ በዚህ አገር የዱር አንበሳ የለም። ስለዚህ የአሽቀሎን ሕፃን አንበሳ ሊያይ ቢፈልግ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደተከፈተው የራማት ጋን ሳፋሪ ይሄዳል፤ ወይም እ.ኤ.አ. በ1940 አሃሮን ሹሎቭ ወደመሠረተው የኢየሩሳሌም የመጽሐፍ ቅዱስ እንስሳት ማቆያ ይወጣል። ሁለቱም መልካም ቦታዎች ናቸው፤ ልጆቻችንም ከትምህርት ቤት ጋር ሄደው ያዩዋቸዋል። እዚያ የሚያዩት አንበሳ ግን አገር የሌለው አንበሳ ነው። ምን እንደሚበላ በጽሑፍ ተለጥፏል፤ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር፣ ማን እንደፈራውና ማን እንዳከበረው አልተለጠፈም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ቋራ እንሂድ። በየካቲት 2016 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ከሃንስ ባወር ጋር ሆኖ አንድ ዜና አወጣ፦ ኢትዮጵያ ከሱዳን ጋር በምትዋሰንበት በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ የዱር አንበሶች አሉ። ዱካቸው ተገኘ፤ በዛፍ ላይ በታሰረ ካሜራ ሌሊት ፎቶግራፍ ተነሱ። አላጥሽንና በሱዳን በኩል ያለውን የዲንደር ፓርክ አንድ ላይ ብንወስድ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገመተ። የዓለም ጋዜጦች “አዲስ የአንበሳ መኖሪያ ተገኘ” ብለው ጻፉ። የአካባቢው ሰው ግን ያውቃቸው ነበር። ለቋራ ሰው የአላጥሽ አንበሳ ግኝት አይደለም፤ ጎረቤት ነው።

ከታችኛው ቋራ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ በብዛት እስራኤል የገቡት በ1999 ነው፤ ካሜራው አላጥሽ ከመድረሱ 17 ዓመት ቀድሞ። ዓለም አንበሶቹን ከማወቁ በፊት እነሱን የሚያውቁ ሰዎች በዚህ አገር አፓርትመንት ውስጥ ነበሩ። በኢሚግሬሽን ቢሮ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ የቤተሰባቸው ቁጥር ተጠየቀ። “ምን ታውቃላችሁ?” ብሎ የጠየቃቸው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የሚያውቁት ብዙ ነው። ከአርማጭሆ፣ ከወልቃይት፣ ከስሜን፣ ከደምቢያ የመጣ አዛውንት ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ዝንጀሮ ሲያባርር የዋለ ሰው ነው። ዝንጀሮ ጠባቂ እንዳለው፣ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለመንጋው እንደሚያስጠነቅቅ በመጽሐፍ አላነበበም፤ በልጅነቱ ተሸውዶ አይቶታል። ጭላዳ ገደል ላይ እንደሚያድር፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ እንደሚወጣ ያውቃል። የበረቱ አጥር በየትኛው እሾህ ቢታጠር ጅብ እንደማይደፍረው፣ ነብር የገባበት ጋጥና ጅብ የገባበት ጋጥ ጠዋት ሲታዩ በምን እንደሚለያዩ ይነግራችኋል። እናቶቹ ደግሞ፣ በተለይ ጎንደር አጠገብ ከምትገኘው ወለቃ የመጡት፣ በሸክላ አንበሳ ሠርተው ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ጋማውን በጣታቸው የሚያወጡት ካዩትና ከሰሙት ነው። እነዚያ የሸክላ አንበሶች ዛሬ በየሙዚየሙና በየሰብሳቢው ቤት መደርደሪያ ላይ አሉ። አያ ጅቦንና እመት ጦጢትንም ማንሳት አለብኝ፤ ሕፃናት ስለ እንስሳት ጠባይ የሚማሩበት ከዚያ የተሻለ መንገድ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ አላየሁም።

ሰዎቻችን ጭራሽ አይጋበዙም አልልም። ይጋበዛሉ። በሲግድ በዓል ሰሞን የማኅበረሰብ ማዕከሉም (ማትናሱ)፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክለቡም እናቶችን ይጠራል። ቡና ያፈላሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ወጣቶቹ እስክስታ ይመታሉ፤ ታዳሚው ፎቶግራፍ ያነሳል። ይህ ያስከብራል፤ ግን ሰውን በእጁና በትከሻው ብቻ አውቆ በእውቀቱ አለማወቅ ነው። እናቴ የምትሆን ሴት በአዳራሽ ፊት ለፊት ቡና ስትቀዳ አይቼ፣ ከቡናው በኋላ ወንበር ተሰጥቷት አንድ ሰው “እማማ፣ በአገራችሁ ጅብና ሰው እንዴት ተስማምተው ይኖሩ ነበር?” ቢላት ብዬ ተመኝቻለሁ። መልሷ ከማንኛውም ተጋባዥ ንግግር ይበልጥ ነበር።

“ዕብራይስጥ አይችሉም” የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ አይችሉም። የልጅ ልጆቻቸው ግን ይችላሉ፤ ሠራዊት አገልግለው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ሁለቱን ቋንቋ ይዘው የሚኖሩ ወጣቶች በዚህ ከተማ ሞልተዋል። ለአያቱ የሚያስተረጉም ወጣት መድረክ ላይ ሲቆም፣ ከአዳራሹ ይልቅ የሚማረው እሱ ራሱ ነው። ለአዛውንቱም እንደማንኛውም ተናጋሪ ይከፈላቸው፤ የምስጋና ወረቀቱም በስማቸው ይጻፍ።

አዛውንቶቹን መጋበዝ ለእንስሳቱም ይጠቅማል የምለው በባዶ ሜዳ አይደለም። የእንስሳት ማቆያ የሚድነው እንስሳው ከወጣበት አገር ጋር ሲተሳሰር፣ ደጋፊም ሲኖረው ነው፤ ሁለቱ ሲቋረጡ ምን እንደሚደርስ ከሩቅም ከቅርብም አይተናል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን አንበሳ ግቢ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 ነው ያቋቋሙት። የመጀመሪያዎቹ ሰባት አንበሶች፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ እንደነበሩ ይነገራል። ጋማቸው ጥቁር ነው፤ ከአንገት አልፎ ደረትና ሆዳቸውን ይሸፍናል። እነዚህ አንበሶች የአገር መለያ ነበሩ። በ2006 ግን የግቢው አስተዳዳሪ ራሳቸው ለዜና ወኪሎች እንደተናገሩት፣ ቦታና ገንዘብ ስለጠበበ ግልገሎች በመርዝ ይገደሉ፣ ሬሳቸውም ቆዳ ሞልተው ለሚሸጡ ሰዎች ይሰጥ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረመል መርምሮ፣ ከሌሎች ከተመረመሩ የዱር አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳተመ፤ ዘራቸው በእንክብካቤ እንዲራባም መከረ። ግልገሎቹ የተገደሉት ማን እንደሆኑ ከመታወቁ በፊት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ከዚህ ከአሽቀሎን ወደ ደቡብ ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ በጋዛ ኻን ዩኒስ የነበረው የእንስሳት ማቆያ በጦርነትና በረሃብ ተመናምኖ፣ ባለቤቱ የሞቱትን እንስሳት አድርቆ ለዕይታ እስከማቆም ደርሶ ነበር። በነሐሴ 2016 ፎር ፖውስ የተባለው ድርጅት የተረፉትን አወጣ። ላዚዝ የተባለው ነብር በኤሬዝ መተላለፊያ በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተወሰደ። ያ መተላለፊያ ከከተማችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሰዎች ሊሻገሩት ያልቻሉትን ድንበር ላዚዝ የተሻገረው፣ የሚጠይቁለት፣ የሚከፍሉለትና የሚፈርሙለት ሰዎች ስለነበሩ ነው። በመካከላችን ካለው መከራ ሁሉ ጋር፣ በዚያ ቀን የሁለቱም ወገን ሰዎች ለአንድ እንስሳ ሲሉ ተባብረዋል።

የአገልግሎት ክለቦች እንዲህ ያለ ሥራ የመሥራት ጉልበት አላቸው ወይ? አላቸው፤ ማስረጃውም ከኢትዮጵያ ነው። ላየንስ ክለብ በ1917 በቺካጎ ሲመሠረት የነጋዴዎች መገናኛ ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል የትራኮማ በሽታን ለመዋጋት በሚደረገው ሥራ ስሙ ከካርተር ማዕከል ጋር አብሮ ይነሳል፤ ከ20 ዓመት በላይ መድኃኒት ሲታደል፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈባቸው እናቶች ሲታከሙ ቆይቷል። ጎንደርና ጎጃም ውስጥ ዓይኑ የተረፈለት ሰው ስሙን ባያውቀውም የክለብ አባላት ዕዳ አለበት። ይህ የተገኘው በአንድ የእራት ምሽት ጭብጨባ አይደለም። ጉዳዩን ይዘው ዓመት ከዓመት ስላልለቀቁት ነው። ለአንበሳና ለጭላዳ ይህን ያህል ይደረግ አልልም፤ ሰው ይቀድማል። ግን ንግግር የተደረገለት እንስሳ ሁሉ ከንግግሩ በኋላ አንድ ነገር ሊደርሰው ይገባል።

ማንን መርዳት እንደሚቻል ለሚጠይቁ፣ ቦታዎቹ ይታወቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንሰሳ ኮቴ የተባለው መጠለያ ከሕገወጥ ነጋዴ የተያዙ አንበሶችን፣ አቦሸማኔዎችንና ዝንጀሮዎችን ይቀበላል። አላጥሽ ዘበኛም መንገድም ያንሰዋል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የነበረ ነው፤ ዋልያው እዚያ ብቻ ይገኛል። እዚሁ እስራኤል ውስጥ እንኳ፣ በአረባ በረሃ በ1968 የተቋቋመው የዮትቫታ ሃይ ባር የሶማሌ የዱር አህያን ያረባል። ይህ አህያ በዱር የቀረው በጥቂት መቶዎች ነው፤ መኖሪያውም የአፋር በረሃና የኤርትራ ዳርቻ ነው። እኛ ከዚያ አገር መጣን፤ አህያውም የዚያ አገር ነው። ግን የማኅበረሰባችን ልጆች ለጉብኝት ወደ ኤላት ሲወርዱ በዮትቫታ በር አልፈው ይሄዳሉ፤ ውስጥ የአያቶቻቸው አገር እንስሳ እንዳለ የነገራቸው የለም።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ አርባ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባ አራት፣ ሰባ አምስት ነው። በ1984 በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል የመጡት አብዛኞቹ ታላላቆች በሕይወት የሉም። ከጥቅምት 2023 ወዲህ በነበረው ጦርነት፣ ሳይረን በተነፋ ቁጥር ደረጃ ለመውረድ አቅም ያጡ አዛውንቶች በየቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ፤ የአዛውንቶች መሰብሰቢያ የሆነው ሞአዶንም ተዘግቶ ሰነበተ። በዚያ ጊዜ ስንት ሰው እንዳጣን፣ ከስንቱ ጋር ስንት እውቀት እንደተቀበረ የቆጠረ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ወገኖችን ነው። በአሽቀሎንና በአካባቢው ያላችሁ የክለብ ሰብሳቢዎች፦ ከእንስሳት ማቆያ እንግዳ ስትጋብዙ ከጎኑ አንድ ተጨማሪ ወንበር አስቀምጡ፤ በዚያ ወንበር ላይ ከቋራ ወይም ከስሜን የመጣ አዛውንት ይቀመጥ፤ በዚያው ምሽት የሚሰበሰበው ገንዘብ ከላይ ከጠቀስኳቸው ቦታዎች ወደ አንዱ ይሂድ። የማዘጋጃ ቤታችን የትምህርት ክፍል፦ በየትምህርት ቤቱ የእንስሳት ማዕዘን ውስጥ ልጆች ጥንቸልና ኤሊ ሲመግቡ፣ በሳምንት አንድ ቀን አንድ አባባ ወይም እማማ ገብተው ተረት ይንገሯቸው። የልጅ ልጆች ደግሞ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። መጪው ሰንበት ሲወጣ፣ በምሽቱ ከአያታችሁ አጠገብ ተቀመጡና ቅዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቁት “አባባ፣ አንበሳ ሰምተህ ታውቃለህ?” የሚለውን ይሁን።