መርፌው ጋኔን አለበት ወይ?

በወጣቶች ኅብረቶቻችን አንድ ክርክር ይደጋገማል። በመኪና አደጋ አንጎሉ የተጎዳ፣ ወይም ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው ወንድም ወደ አኩፓንክቸር፣ ማለትም ወደ ቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ ይሂድ ወይስ አይሂድ? አንዱ ወገን «የባዕድ መንፈስ በር ነው» ይላል። ሌላው «የጥንት ጥበብ ነው፤ ሽባ ያስነሣል» ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ጥቅስ አያጡም። የታመመው ልጅ ግን በመካከላቸው ተኝቷል፤ ዛሬ እጁን ስንት ጊዜ እንዳሠሩት የሚጠይቅ የለም።

መጀመሪያ «ጋኔን አለበት» ለሚሉት። ትምህርቱ «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ በተወሰኑ መስመሮች ይፈስሳል ከሚል የቻይና ፍልስፍና መወለዱ እውነት ነው። ክርስቲያን ይህን እንዲያምን አይገደድም። ነገር ግን የሐኪሙ ፍልስፍና በመርፌ ጫፍ ወደ ደም አይገባም። ጳውሎስ ለጣዖት በተሠዋ ሥጋ ምክንያት ይጨቃጨቁ ለነበሩት ቆሮንቶሳውያን የጻፈውን ምዕራፍ ስምንትን አንብቡ፤ ሥጋው ያው ሥጋ ነው፣ የሚያሳስበው የደካማው ወንድም ኅሊና ነው። ስለዚህ ኅሊናው የሚከስሰውን ጎትታችሁ አትውሰዱት። ተወግቶ የመጣውንም «እምነት ጎደለው» አትበሉት። ኢሳይያስ በሕዝቅያስ እባጭ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲለጠፍ ሲያዝ ንጉሡን እምነት የለህም ያለው አልነበረም።

የከረረው ጠቤ ግን ከሁለተኛው ወገን ጋር ነው። ጥንታዊነት ማስረጃ አይደለም፤ የእኛም ዋግምት ጥንታዊ ነው። ደግሞም ለአንጎል ጉዳት የሚሸጠው ዋነኛው ዓይነት፣ በራስ ቆዳ ላይ የሚተከለው መርፌ፣ ራሱን ችሎ በቻይና የተስፋፋው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። የአባቶቻችን እኩያ እንጂ የሙሴ እኩያ አይደለም።

ይሠራል ወይ? ኮክራን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በአደጋ ለሚመጣ የአንጎል ጉዳት መርፌው ያለውን ጥቅም መርምሮ ነበር። ለምዘና የበቁት 4 ጥናቶች፣ በጠቅላላው 294 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጥራታቸውም ደካማ ስለ ሆነ ይጠቅማል ብሎ መደምደም አልተቻለም። በ2016 ስትሮክን በተመለከተ 31 ጥናቶችና 2,257 ሕሙማን ተመዘኑ። አንዳንዶቹ መሻሻል አሳይተዋል። እውነተኛው መርፌ ከይስሙላ መርፌ ጋር ጎን ለጎን ሲፈተን ግን በእጅና እግር እንቅስቃሴ ላይ የታየ ልዩነት የለም። ሁሉን እንድንመረምር የታዘዝን ሰዎች ይህን ማለፍ የለብንም።

«ታዲያ እገሌ እንዴት ተነሣ?» ትላላችሁ። አንጎል ከጉዳት በኋላ ባሉት ሳምንታትና ወራት እብጠቱ ይጎድላል፣ የተረፈው ክፍል የጠፋውን ሥራ መማር ይጀምራል። በዚያ ወቅት አጠገቡ የተገኘ ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ዶሮ ስለ ጮኸ ነጋ እንደማለት ነው። እኛ ደግሞ ምስክርነት እንወዳለን። መድረክ ላይ የሚወጣው ግን የተሻለው ብቻ ነው። ያልተሻለው ቤቱ ተኝቷል፤ ማይክሮፎን የሚያቀብለው የለም።

እነዚያ የመጀመሪያ ወራት ናቸው የሚያስቆጡኝ። እናት ወርቋን ሸጣ ለመርፌ ስትከፍል ፊዚዮቴራፒው «ገንዘብ ሲገኝ» ተብሎ ይቆያል። የተጎዳ አንጎል የሚማረው በድግግሞሽ ነው፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ኩባያ መጨበጥና መልቀቅ፣ ደግሞ እንደገና። ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ ያልተገላበጠ ገላ ይቆስላል። የቀረውን ጊዜ ማንም መርፌ አይመልሰውም። ሕመሙን ያቀልልኛል ብሎ በትርፍ ገንዘቡ የሚወጋ ሰው ካለ አልከለክለውም፤ ብቻ መርፌው ከእሽጉ ዓይኑ እያየ ይከፈት፣ ሐኪሙም ይወቅ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ በተለይም በቀዶ ሕክምና የራስ ቅል አጥንቱ የተነሣለት፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ራሱን ለማንም አይስጥ።

እናንተስ? ልጁ ሆስፒታል ሳለ ኮሪደሩን ሞላነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ጉብኝቱ ሳሳ። በቅፍርናሆም ሽባውን ያመጡት ሰዎች ስለ ሕክምና ዓይነት አልተከራከሩም፤ ተሸከሙት፣ ጣሪያም አፈረሱ። በየኅብረታችሁ ተራ አውጡ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን እንቅስቃሴ አንዳችሁ ተማሩና በየቀኑ አሠሩት፤ እናቱ ያን ጊዜ ትተኛ። ስትናገሩት አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላችሁ፤ መልሱ ቢዘገይ አፉን አትንጠቁት። ድንገት ቢቆጣ፣ ቢረሳ፣ ቶሎ ቢደክመው ጉዳቱ ነው፤ መንፈስ ለማስወጣት አትሩጡ። ብዙዎቹ ከፍተኛ ድምፅ አይችሉም። እሑድ ከጉባኤ ቢቀር «ወደ ኋላ ተመለሰ» ከማለታችሁ በፊት ስፒከራችሁን ቀንሱና ዳግም ጋብዙት።