ባዜቃን ያባረረው ፕላስቲክ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ከመታጠቢያ ቤት ጥግ የማትጠፋውን በረኪና ማን ልብ ይላታል? የቧንቧ ውሃ የሚታከምበት ክሎሪንም ዕጣው ያው ነው፤ ሲሸት ይወራበታል እንጂ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። የሁለቱም መነሻ ጨውና ኤሌክትሪክ ነው። ጨው በውሃ ይሟሟል፣ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ በአንድ ወገን ክሎሪን፣ በሌላው ወገን ኮስቲክ ሶዳና ሃይድሮጅን ይወጣሉ።

ጣጣው መለያየቱ ላይ ነው። ክሎሪንና ሃይድሮጅን ከተገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ። ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ሲቀላቀሉ ደግሞ በረኪና ይሆናሉ፤ ለየብቻ መሸጥ ለሚፈልግ ፋብሪካ ይህ ኪሳራ ነው። ለዚህ ሲባል ኢንዱስትሪው ለረጅም ዘመን በሁለት መርዞች ሲገለገል ኖረ። አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ በአማርኛው ባዜቃ። ሌላው ሳንባ የሚያበላሸው አስቤስቶስ።

ከሁለቱም የሚገላግል ነገር የተገኘው ከፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ዱፖንት ኬሚስት ዋልተር ግሮት፣ መጥበሻ ከሚቀባው ቴፍሎን ጋር ዘመድ የሆነ ስስ ሉህ ሠራ። ስሙ ናፊዮን ይባላል። በሉሁ ውስጥ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው የሰልፈር ቡድኖች ተተክለዋል። ፖዘቲቭ የሆነውን የሶዲየም አዮን ስበው ያሳልፋሉ፤ ኔጌቲቭ የሆነውን የክሎሪን አዮን ይገፋሉ። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ማለት ነው፤ አልፎ አልፎ ጥቂት ቢያሾልክም ጉቦ አይቀበልም። የሚፈጀው ኤሌክትሪክም ከሜርኩሪው ያነሰ ነው።

ይሁንና ጥሩ ነገር ስለተገኘ ብቻ መጥፎው አልወጣም። የአውሮፓ ኅብረት ፋብሪካዎች ሜርኩሪን ጨርሰው የተሰናበቱት ቀነ ገደብ ሲቆረጥላቸው ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2017 ነበር። አሜሪካ በአስቤስቶስ ላይ እገዳ ያወጣችው ደግሞ በ2024 ነው፤ ያውም ለአንዳንዶቹ የክሎሪን ፋብሪካዎች እስከ 12 ዓመት የሚደርስ ጊዜ ሰጥታ። ሉሁ ከተፈለሰፈ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ!

አሁን ተራው የሉሁ የራሱ ሆኗል። ናፊዮን ከፒፋስ ቤተሰብ ነው፤ በተፈጥሮ በቀላሉ ስለማይበሰብሱ “ዘላለማዊ ኬሚካሎች” ከሚባሉት። ሉሁ ሥራ ላይ ሳለ ብዙም ችግር የለበትም። ችግሩ ሲመረት ነው። ናፊዮን የሚሠራው የፋዬትቪል ፋብሪካ፣ መጀመሪያ በዱፖንት ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በኬሞርስ እጅ፣ ለአሥርት ዓመታት በሰሜን ካሮላይና ወደሚገኘው ኬፕ ፊር ወንዝ የፒፋስ ፍሳሽ ሲለቅ ኖሯል። ከወንዙ ቁልቁል ባለችው ዊልሚንግተን ከተማ ተመራማሪዎች የነዋሪዎችን ደም ሲመረምሩ “ናፊዮን ባይፕሮዳክት 2” የተባለውን ተረፈ ምርት በሁሉም ሰው ማለት ይቻላል አገኙት። እነዚህ ሰዎች ናፊዮን አልገዙም፤ ውሃ ነው የጠጡት።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ዴንማርክ፣ ስዊድንና ኖርዌይ ፒፋስን በጅምላ የሚገድብ ሐሳብ ለአውሮፓ ኬሚካል ኤጀንሲ አቀረቡ። የክሎሪንና የሃይድሮጅን ኢንዱስትሪዎች ወዲያው “ምትክ የለውምና እኛን ዝለሉን” አሉ። በክሎሪን ረገድ እውነት አላቸው፤ ክሎሪንን ለዓመታት የሚቋቋም ሌላ ሉህ ዛሬ ገበያ ላይ የለም። ነገ ጠዋት ይታገድ ማለት ፋብሪካዎችን ወደ አስቤስቶስ መመለስ፣ አለዚያም ውሃን ያለ ክሎሪን መተው ይሆናል። በሃይድሮጅን ነዳጅ ሴል በኩል ግን ፍሎሪን የሌለባቸው ሉሆች እየተሞከሩ ነው። ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከትቶ “ምትክ የለም” ማለት ማጭበርበር ነው።

ስለዚህ ፈቃዱ ይሰጥ፤ ግን ማብቂያ ቀን ይኑረው፣ እንደ ሥራው ዓይነትም ይለያይ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሉሁ በሚመረትበት ፋብሪካ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ይታሰር፦ ወንዝ የሚበክል አምራች ሉህ ገበያ አይግባ። ዋጋው ይወደድ ይሆናል። እስከ ዛሬ የረከሰውም ከፊሉን ሌላ ሰው ስለከፈለለት ነው። ኬሞርስ በ2019 ለሰሜን ካሮላይና 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። የዊልሚንግተን ውሃ አቅራቢ በ2022 ሥራ ያስጀመረው ማጣሪያ ብቻውን ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቷል። አቅራቢው ኩባንያዎቹን ከ2017 ጀምሮ ፍርድ ቤት አቁሟል፤ የማጣሪያው ወጪ ግን በነዋሪው የውሃ ሂሳብ ላይ ተደምሯል።