የንግድ በር መከፈትና መዘጋት በምን ሊለካ እንደሚገባ

በዛሬው ዘመን መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚነግዱት በመርከብና በባቡር በሚጫን ዕቃ ብቻ ሳይሆን፥ በሽቦና በአየር በሚተላለፍ ቃልና ገንዘብም ስለ ሆነ፥ የየአገሩ ሕግ ለዚህ ንግድ ምን ያህል የተከፈተ እንደ ሆነ በቍጥር ለመለካት አያሌ ድካም ተደርጓል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው መለኪያ ለእያንዳንዱ አገር ከ0 እስከ 1 የሆነ ቍጥር ይሰጣል፤ ወደ 0 የቀረበው በሩን የከፈተ፥ ወደ 1 የቀረበው በሩን የዘጋ ነው ይባላል። የሚመረመሩትም የመገናኛው መሥመር፥ በኤሌክትሮኒክ የሚፈጸመው ውል፥ የገንዘቡ አከፋፈል፥ የአእምሮ ሥራ ንብረት ጥበቃና ሌሎችም መሰናክሎች ናቸው። መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪቃ የኢኮኖሚ ኮሚሽንም በዚሁ ዓይነት ምርመራ ይደክማል።

ኢትዮጵያም በዚህ ነገር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 በ2012 ዓ.ም.፥ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ሳፋሪኮም በዚያው ዓመት ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን ከፈተ። የአፍሪቃ መንግሥታት መሪዎችም በየካቲት 2016 ዓ.ም. በነጻ ንግድ ቀጣናው ውል ላይ የዲጂታል ንግድን ፕሮቶኮል ጨምረዋል። ይህ ሁሉ በሚዛን ላይ ሲወጣ የኢትዮጵያን ቍጥር ያሻሽላል፤ ማሻሻሉም የተገባ ነው።

ነገር ግን እነዚህ መለኪያዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነቡት የሕጉን ወረቀት ነው። ወረቀቱ በአዲስ አበባ ሲከፈት የአበርገሌ ገበያም አብሮ ተከፈተ ብሎ ማሰብ ግን አይገባም። ይህን ለመረዳት ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የዋግ አገር ራሱ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረ፥ ከዛሬውም ቍጥር የማያንስ መለኪያ አለው። እርሱም አሞሌ ጨው ነው።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አሞሌ ዋጋ የጻፈው ለማንኛውም የአውራጃ ሹም ሊነበብ የሚገባው ነው። ጨው በሚቆረጥበት ስፍራ 120 ወይም 130 አሞሌ በአንድ ድራም ወርቅ ይገኝ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ከተሄደ በኋላ በዚያው ወርቅ የሚገኘው አሞሌ በአምስት ወይም በስድስት ይቀንሳል፤ ከገበያ ወደ ገበያ ሲሄድም እንዲሁ እያነሰ ሄዶ፥ ከንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ይሆናል። በክረምት ግን አምስት ሆኖ አይቶታል። እንግዲህ ከቍፋሮው እስከ ሰፈሩ ድረስ ዋጋው ወደ ሃያ እጥፍ አድጓል ማለት ነው። በዚህ ሃያ እጥፍ ውስጥ የግመሉና የበቅሎው ኪራይ አለ፤ የሽፍታው ሥጋት አለ፤ በየበሩ የሚከፈለው ቀረጥ አለ። ክረምት የጨመረው ደግሞ ወንዝ የሞላበትና መንገድ የጭቃ የሆነበት ዋጋ ነው። ሰቆጣም ከአፋር በረሃ ለሚወጣው ለዚህ ጨው ታላቅ ገበያ ስለ ነበረች፥ የዋግ ነጋዴ ይህን ሒሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀው ነበር። ሕግ አዋቂ ሆኖ አዋጅ መመርመር አላስፈለገውም፤ በሁለት ገበያ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የመንገዱን መከፈትና መዘጋት ይነግረው ነበር።

የዛሬው የአበርገሌ ሀብት ፍየል ነው፤ በተከዜ ቆላ የሚረባው የአበርገሌ ፍየል በዝርያው ስም የታወቀ ነው። ማርና ዕጣንም አለ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአዲስ አበባን ዋጋ በየአውራጃው ከተማ በሰሌዳ እያሳየና በስልክ እያስነገረ፥ የቡናውና የሰሊጡ አምራች ሳይታለል እንዲሸጥ ረድቶታል። ፍየል አርቢው ግን ይህ ዕድል አልደረሰውም። በኒሯቅ ገበያ የቆመ አርቢ በዚያው ቀን በሰቆጣ ስንት እንደ ተሸጠ የሚሰማው ከደላላ ነው፤ ደላላውም ለራሱ የሚጠቅመውን ይነግረዋል። ይህ ሰው የሚኖርበት አገር በመለኪያው ላይ 0 ቢያገኝስ ለእርሱ ምን ይፈይድለታል?

ከዚህም ሌላ፥ ሕግ ሳይለወጥ በር ሊዘጋ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶርያ ውል ድረስ በሰሜን በነበረው ጦርነት፥ አዋጅ ቍጥር 1205 አንድ ፊደል አልተሻረበትም፤ ነገር ግን ጦርነቱ በደረሰበት ወረዳ ስልክና ባንክ ተቋርጠው በኤሌክትሮኒክ መገበያየት ቀርቶ በእግር መገበያየትም ጭንቅ ነበር። ወረቀት የሚያነብ መለኪያ ይህን አያይም።

አንዳንድ ሹማምንት፥ ኬላ ቢነሣ የወረዳው ገቢ ይጐድላል፥ በሽታም ይገባል ይላሉ። ስለ በሽታው የሚሉት እውነት አለው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በምጥዋ በኩል በገባ ከብት የመጣው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬ ጨርሶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ አምጥቷል። ዛሬም ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ስላለ፥ የእንስሳት ሐኪም የሚቆምበት ኬላ ሊጠበቅ እንጂ ሊነሣ አይገባም። ነገር ግን ሐኪም የሌለበት፥ ፍየሉን ሳይመረምር ገንዘብ ብቻ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ኬላ በሽታውን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ነጋዴውን ነው። ስለ ገቢው የሚነገረው ደግሞ የባሰ ደካማ ነው፤ ሦስት ጊዜ የተቀረጠ ነጋዴ ለአርቢው የሚሰጠውን ዋጋ ሦስት ጊዜ ይቀንሳልና፥ ጉዳቱ ተመልሶ የሚያርፈው በዚያው ወረዳ ግብር ከፋይ ላይ ነው።

ስለዚህ የየወረዳው አስተዳዳሪ የራሱን መለኪያ ቢይዝ መልካም ነው፤ ለዚህም አንድ መዝገብና አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ ይበቃል። በየገበያው ቀን የአንድ ዓመት ወጠጤ ፍየል በኒሯቅ በስንት እንደ ተሸጠ፥ በዚያው ሳምንት በሰቆጣ በስንት እንደ ተሸጠ ይጻፍ። ነጋዴውም በመንገድ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ፥ በየስፍራው ምን እንደ ከፈለና ደረሰኝ ተቀብሎ እንደ ሆነ ይጠየቅ። አርቢው ገንዘቡን በስልክ ለመቀበል ወዶ በመሥመር መጥፋት ምክንያት ቀርቶበት እንደ ሆነ፥ ቀኑ ይመዝገብ። የክረምቱና የበጋው ለብቻ ለብቻ ይደመር፤ ምክንያቱም አልቫሬዝ በስድስትና በአምስት አሞሌ መካከል ያየውን ልዩነት ዛሬም የተከዜና የገባሮቹ ሙላት ሊያመጣው ይችላል፤ ይህም የኬላው ጥፋት ሆኖ እንዳይቈጠር ያስፈልጋል። የባለ ይዞታዎቹም ሽማግሌዎች መዝገቡን በየሩብ ዓመቱ ቢያዩትና ሐሰት የተጻፈበትን ቢያመለክቱ፥ ጸሐፊው ጠንቅቆ ይጽፋል።